ውሃችን ላምባ የሸተተ ሰሞን

በደባልነት የኖርኩበት ግቢ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ ቤቱ እየሳሳ ማሳው በሚጀምርበት ዳር ላይ ነበር። አውሮፕላን ሲነሣ በጣሪያችን ላይ አልፎ በሚያርሱ በሬዎች ራስ ላይ ይሄዳል፤ በሬዎቹም እኛም ለምደነው ቀና አንልም። ከተማው እዚያ ድረስ በስሙ እንጂ በአካሉ አልደረሰም ነበር። መብራት አለን፣ እሱም ደስ ሲለው ይጠፋል። ቧንቧ ግን የለም። ቀበሌው በየስብሰባው «በቅርቡ» ይላል፣ እኛም እናጨበጭባለን። እስከዚያው ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው፤ አስፋልቱ ዳር ካለው ቦኖ በወረፋ፣ ወይም ከእኛ ግቢ ጉድጓድ በእማማ ፈቃድ።

እማማ የምላቸው የቤቱ ባለቤት ናቸው። በልጅነታቸው ከትግራይ መጥተው፣ አዲስ አበባ አግብተው፣ አዲስ አበባ ባላቸውን ቀብረው የቀሩ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ ሴት ነበሩ። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ የሚያከራዩዋቸው ቤቶች ሄዱ። የሚኖሩበት ብቻ ቀረላቸው፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ባላቸው ያስቆፈሩት ጉድጓድ። «ቤቴን ወረሱ፣ ውሃዬን ግን ጎንበስ ብሎ ያየው የለም» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክብራቸው ያ ጉድጓድ ሆነ። ከጎረቤት ገንዘብ አይቀበሉም፤ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣሉ። የሚሹት ሥርዓታቸው እንዲከበር ብቻ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ጉድጓዱ የራሱ ባልዲ አለው። ባልዲው ከሚስማሩ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ሚስማሩ እንጂ መሬት አይነካም። ማንም የራሱን ዕቃ ወደ ጉድጓዱ አያወርድም፤ ከባልዲው ወደ ጀሪካኑ ይገለበጥለታል፣ የምንገለብጠውም ወይ እማማ ወይ እኔ ነን። ክዳኑ በቆርቆሮ የተለበጠ እንጨት ነው፤ ሳይመለስ ያየሁበት ቀን የለም። የጉድጓዱ አፍ በጥርብ ድንጋይ ታንጾ፣ ዙሪያው ጽጌረዳ ተተክሎበት፣ ከበሩ ሲገቡ ፊት ለፊት ይታያል። እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሽንት ቤቱ ደግሞ፣ እንደ ወጉ፣ ከቤቱ ኋላ፣ ከጓሮው ጥግ፣ ማንም ከማያየው ቦታ። ግቢው ከጓሮ ወደ በር ያዘቀዝቃል። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ከጓሮ ይነሣና ቤቱን ዞሮ፣ በጉድጓዱ አጠገብ አልፎ፣ በበሩ ሥር ይወጣል። ይህን ሁላችንም በየክረምቱ እያየን ነበር የምንኖረው።

እኔ የምሠራው አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ጥራዝ ክፍል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚያዝሉበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ዘግይቶ ማዕድ እንደ ደረሰ ሰው ነው፤ የቀረበለትን ሁሉ ጠርጎ ይበላል። ከማጥፈው ወረቀት ሳላነበው የሚያልፍ አልነበረም፤ ገጹ ተዛንፎ የታጠፈ ካገኘሁ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣኛል። ከሥራ መልስ እግሬን ታጥቤ፣ ከጉድጓዱ የተቀዳ ውሃ በኩባያ ይዤ፣ በመስኮቴ ሥር ስቀመጥ ከዚያ የሚበልጥ ኑሮ ያለ አይመስለኝም ነበር።

«አንቺ ልጅ ወረቀት በልተሽ ነው እንዴ የምታድሪው» ይሉኛል እማማ።

«በውሃዎ አወራርደዋለሁ» እላቸዋለሁ።

እውነቴን ነበር። ያ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥርስ ይነካል፤ ከዚያ ሌላ ምንም አይልም። ጣዕሙ ምንም አለማለቱ ነበር።

ከሚቀዱት ሁሉ ለእማማ የምትቀርበው ከበራችን ማዶ ያለው ባለሱቅ ሚስት ነበረች። ከስልጤ አገር የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ሱቃቸው ጨው፣ ክብሪትና ሳሙና፣ ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጥ ላምባም ይዟል፤ ሰፈሩ ለኩራዙም ለምድጃውም ላምባ የሚገዛው ከእነሱ ነው። እሷ ያን ጊዜ ገና ከአራስ ቤት የወጣች ወጣት ናት። በጠዋት ሴት ልጇን አዝላ፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ትመጣለች።

«እማማ፣ ውሃዎ ላይ ስኳር ያደርጉበታል ልበል?»

«ስኳርሽን ከቀበሌ ጠይቂ። እዚህ ያለ ካርድ የሚሰጠው ውሃ ብቻ ነው።»

በየጠዋቱ ይህንኑ ይባባላሉ፣ በየጠዋቱም እንደ አዲስ ይሳሳቃሉ።

የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራ በዓመት አንድ ጊዜ እማማ ዘንድ ይደርሳል፤ ያን ዓመት ጥር ላይ ዋለ። ቀደም ብለን ቤቱን ገለበጥነው፤ ምንጣፍ አራገፍን፣ ግድግዳ ወለወልን። ጓሮ ደርሰን የሽንት ቤቱን በር ስንከፍት ዝንቡ እንደ ንብ መንጋ ተነሣ። እማማ ከማዶ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ላምባ አስመጥተው ወደ ቀዳዳው ገለበጡት። ለዝንብና ለሽታ መድኃኒቱ እሱ ነው፤ የማያደርግ ቤት አልነበረም። እኔም በቤት ባልዲ ውሃ እየደጋገምኩ ወለሉን አጠብኩ። ውሃው ከላምባው ጋር እየተንኳለለ ወደ ታች ወረደ። ሽንት ቤታችን ለእንግዳ የሚበቃ ሆነ።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ ቀልደኛ ጡረተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ሁልጊዜ ጠላ ሳይቀምሱ የእማማን ውሃ ይጠይቃሉ። «ጠላ በየቤቱ አለ፣ ይኼ ግን የለም» ይላሉ። የማኅበሩ ዕለት ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፣ መለሱ፣ አሸተቱ።

«እህት ዓለም» አሉ በእርጋታ፣ «ዛሬ ውሃሽ ክር ብንነክርበት ይበራል።»

ቤቱ ሳቀ። እማማ ግን አልሳቁም። ብርጭቆውን ተቀብለው አሸተቱት፣ አስቀመጡት፣ ጠላ እንዲቀዳ በዓይናቸው አዘዙኝ። እኔ ጓዳ ገብቼ እንስራው ላይ ጎንበስ አልኩ። ላምባ ነው። ስስ ነው፣ ግን ላምባ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የባለሱቁ ሚስት እንደወትሮዋ መጣች። እማማ በሩን በግማሽ ከፍተው መሃሉ ላይ ቆሙ።

«ጀሪካንሽን እስቲ።»

ሰጠቻቸው። አፉን አሸተቱ።

«ላምባ ቀድተሽበታል።»

«ኧረ እማማ፣ ይኼ የውሃ ነው። የላምባው ሱቅ ውስጥ ነው ያለው፣ ቀዩ።»

«እጅሽስ?»

እጇን ዘረጋች። እጇ ላምባ ይሸት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የምትቀዳው እሱን ነው፣ ምን ታድርግ።

«በማኅበር ፊት አዋረድሽኝ» አሉ እማማ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ከዛሬ ወዲያ ከቦኖ ቅጂ።»

«ባልዲዎን ነክቼ አላውቅም እኮ፣ እማማ። እናንተው ናችሁ የምትገለብጡልኝ።»

«ሂጂ ልጄ። ሕፃኗን ፀሐይ ይመታታል።»

ቦኖው ሩቅ ነው። መሄጃው ቁልቁለት ስለሆነ ባዶ ጀሪካን ይዞ ይወረዳል፣ ሙሉ ጀሪካን ይዞ ይወጣል፤ ወረፋው ደግሞ ጠዋት ካልተያዘ እስከ ቀትር ያቆማል። እሷ ይህን ሁሉ ልጅ አዝላ ጀመረችው። የባሰው ግን ወሬው ነበር። «ጉድጓድ የበከለች» ተባለች፤ ሱቃቸው የሚመጣ ሰው ዘይት እንኳ ሲገዛ ጠርሙሱን እያሸተተ ይቀበላት ጀመር። ውሃዋና ስሟ በአንድ ጠዋት ሄዱባት።

ነገሩ አልዋጥ አለኝ። ገጹ የተዛነፈ ጥራዝ እጄ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ያን ሳምንት ለእሷ የገለበጥኩት እኔው ነኝ። ባልዲው ከሚስማሩ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ሚስማሩ። የእሷ ጀሪካን ከጉድጓዱ አፍ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ ላምባው በምን በኩል ገባ?

የሰፈራችን መሬት ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ባለፈው በጋ ጓሮ ተቀምጬ ከሥራ ቤት ያመጣሁትን መጽሐፍ ስጠርዝ፣ ወረቀት ሳጥፍ እጥፋቱን የምጫንባት ቀጭን የእንጨት ማጠፊያዬ ከጭኔ ተንሸራታ ስንጥቅ ውስጥ ገባችብኝ። እንጨት ናት፣ ስንጥቁ ውሃ ቢሞላ ተንሳፍፋ ትወጣለች ብዬ አንድ ማሰሮ ውሃ አፈሰስኩ። ውሃው ሄደ። ሌላ ጨመርኩ፣ እሱም ሄደ፤ ሲያርፍ እንኳ ድምፁ አልተሰማኝም። ያኔ ስለ ማጠፊያዬ አዝኜ ነበር የተነሣሁት። አሁን፣ መስኮቴ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ውሃው የት ሄደ የሚለው ትዝ አለኝ።

እማማ ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ላምባ ሌላም ቦታ አፍስሰን ነበር።»

«የት?»

«ሽንት ቤት።»

«ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው።»

«ጓሮው ደግሞ ከጉድጓዱ በላይ ነው።»

«በመሃል ቤት አለ እኮ» አሉ፣ ሕፃን እንደሚያስረዱ።

«ቤቱ ከመሬት በላይ ነው፣ እማማ።»

«መሠረቱስ?»

«መሠረቱ ከጉልበት አያልፍም። ውሃው ከዚያ ብዙ ይጠልቃል።»

ምስሩን መልቀም አቆሙ። «ምን ልትዪኝ ነው? እስከ ዛሬ ለሰው የሽንት ቤት እጣቢ ሳጠጣ ኖርኩ ልትዪኝ ነው?»

ከምስሩ አንድ ጠጠር ለቅሜ ጣልኩ። ልላቸው የፈለግሁት እሱኑ ነበር። ጥፋቱ የጀሪካን ከሆነ ጉድጓዱ ንጹሕ ነው፣ እማማም እማማ ናቸው። ጥፋቱ የጓሮ ከሆነ ግን የላምባው ሽታ ትንሹ ነገር ነው፤ በዚያው መንገድ ሽታ ሳይኖረው ሲመጣ የኖረው ነው የሚያስፈራው። ይህን አስቤ ሆዳቸው እየተበላሸ ክሊኒክ የሚመላለሱትን የሰፈሩን ልጆች አስታወስኩ፤ የማዶዋን ሕፃንም።

ከዚያን ቀን ጀምሬ የምጠጣውን ማፍላት ያዝኩ። እማማ ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ባዩት ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። «የፈላ ውሃ ሬሳ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ውሃዬን ተጸየፍሽው፣ ልጄ?»

«ፈራሁት እንጂ አልተጸየፍኩትም።»

ሽታው ከጠፋ ሰንብቷል፤ እሳቸውም በዚያ ተጽናንተው ነበር። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ይለይለት። እንደገና እናፍስስ። ካልሸተተ አፍሽን ትዘጊልኛለሽ።»

«ከሸተተስ?»

«ከሸተተ እሱን ያኔ አያለሁ።»

ለጎረቤቱ ጉድጓዱ ይጸዳል ተብሎ ተነገረ፣ እኛም ከቦኖ መቅዳት ጀመርን። ባዶ ጠርሙስ ይዤ ማዶ ተሻገርኩ። ለምን እንደሆነ ለባለሱቁ ሚስት ነገርኳት። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞላችው፣ ሳንቲሜንም መለሰችልኝ።

«ሸተትሽ የተባልኩት በዚህ አይደል፤ ከዚሁ ውሰዱ። ከሸተተ ትመሰክሪልኛለሽ።»

«ካልሸተተስ?»

ሕፃኗን ጀርባዋ ላይ ከፍ አደረገቻት። «ያው ቦኖውን ለምጄዋለሁ። ወረፋው ላይ ሁለት አክስት አግኝቻለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ላምባውን አፈሰስን፣ ወለሉንም እንደዚያ ቀን አጠብነው። እሑድ ከጉድጓዱ ቀድተን አሸተትን፤ ምንም የለም። እማማ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት እያንጎራጎሩ ነበር። ሰኞም የለም። «ውሃ እናቱን አያሳፍርም» አሉኝ፣ ሊያጽናኑኝ እንደፈለጉ ዓይነት። ማክሰኞ ለሥራ ስወጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኩባያ በእጃቸው አለ። ዘርግተው ሰጡኝ።

አልቀመስኩትም፤ መቅመስ አላስፈለገም።

«ቤቱ በመሃል ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ በላያችን አለፈ።

«ባሌ ሽንት ቤቱን ከበሩ አጠገብ ላድርገው ብሎኝ ነበር። ጓሮው ከአፈሩ ሥር ድንጋይ ነው፣ ቁፋሮው ይከብዳል ብሎ። በሩ ላይ ሽንት ቤት የሚቆፍር ማን አለ አልኩት። እንግዳ ይመጣል፣ ቄስ ይመጣል።» ኩባያውን ከእጄ ወስደው ጽጌረዳው ሥር ሊደፉት አሉና ተዉት፣ ከአጥሩ ውጭ ደፉት። «አሁን ከጉድጓዱ በታች ያለው ቦታ የቱ ነው?»

የቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከበሩ በስተግራ ካለው ጥግ በቀር ከጉድጓዱ ዝቅ ያለም የራቀም ቦታ በግቢው ውስጥ የለም። ከእሱ በታች ሱቁና ማሳው እንጂ ጉድጓድ ያለው ጎረቤት አልነበረም፤ ይህን ቀደም ብዬ ዞሬ አይቻለሁ።

«የበሩ ጥግ» አልኩ።

«እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ማኅበርተኞቹ ምን ይላሉ?»

«ይስቃሉ።»

«ይስቃሉ» አሉ፣ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው።

ከዚያ ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዱን ተሻገሩ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ሱቁ ፊት ሦስት አራት ሴቶች ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። እማማ ተራ አልጠበቁም።

«ልጄ፣ ላምባው የመጣው ከእኔ ጓሮ ነው» አሉ ሁሉም እየሰማ። «ካንቺ ጀሪካን አይደለም። አይቼ አረጋገጥኩ።»

የባለሱቁ ሚስት የላምባ መቅጃውን ከበርሜሉ ላይ አነሣች። ዓይኗ እንባ ቢሞላም አልፈሰሰም።

«እንግዲያው ያፈሰሱትን ላምባዬን ይመልሱልኛ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እማማም ሊሳቅባቸው ቆርጠው የመጡ ሰው ስለነበሩ አብረው ሳቁ። ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። «ጉድጓዱ እስኪጸዳ የእሷን ጀሪካን ከቦኖ የምታመጪው አንቺ ነሽ። ምስክሯ አይደለሽ።» ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ አመጣሁ። ወረፋው ላይ አክስቶቿን ተዋወቅኳቸው፤ እየቆምኩ ማንበብ የተማርኩትም እዚያ ነው።

የበሩ ጥግ ሲቆፈር መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። «እማማ፣ የዘበኛ ቤት ነው የሚሠሩት?» አላቸው ከቆፋሪዎቹ አንዱ።

«አዎ። የውሃዬ ዘበኛ ነው።»

ቀልደኛው ሽማግሌም ወሬውን ሰምተው በከዘራቸው መጡ። ቆመው የሚቆፈረውን ጥግ አዩ፣ በሩን አዩ። «እህት ዓለም፣ የእንግዳ መቀበያ ሠራሽልን።»

«እርስዎ ሲመጡ ቀድሞ እንዲቀበልዎ ብዬ ነው» አሏቸው። በዚያ ተሸነፉ፤ የዚያን ዕለት ሌላ ቀልድ አልጨመሩም።

የድሮው ሽንት ቤት አመድና ኖራ ተነስንሶበት በድንጋይና በአፈር ተደፈነ። የውሃው ጉድጓድ ተቀድቶ ተሟጠጠ፣ ግድግዳው በብሩሽ ታሸ፣ በረኪና ተጨመረበት፣ አድሮ እንደገና ተሟጠጠ። ያም ሆኖ ቢያንስ ክረምቱ እስኪያልፍ ሳይፈላ አይጠጣ ብዬ ያዝኩ፤ መሬት የጠጣውን በአንድ ቀን አይተፋም። እማማ ስለ ሬሳው ጥቂት ተከራከሩኝ። በኋላ የፈላውን በአዲስ እንስራ አሳድረው ቀመሱና «ነፍስ ዘርቷል» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ የሰጡትን ሰው ሁሉ «አፍልተሽ» ሳይሉት አይሸኙትም ነበር።

ጉድጓዱ በተከፈተ ዕለት ጠዋት የባለሱቁ ሚስት መጣች። በአዲሱ ሽንት ቤት አጠገብ ስታልፍ አንገቷን ሰበር አድርጋ እጅ ነሣችው፤ እማማ አይተው እንዳላየ ሆኑ። ክዳኑን አነሡ፣ ባልዲውን ከሚስማሩ አውርደው ቀዱ። ወደ ጀሪካኑ ከመገልበጣቸው በፊት ግን በጣሳ ጨለፉና ሰጧት። ጣሳውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ በጣም ቆየች። እማማ ገመዱን እንደያዙ ጠበቁ።

«ምን ይላል?»

«በረኪና ይላል።»

«ይበል። አፍልተሽ ነው የምትጠጪው።»

«ስኳርስ?»

«ከቀበሌ» አሉ እማማ፣ ባልዲውንም ወደ ጀሪካኗ ገለበጡላት።